የአባት ቲዩብ ሬዲዮ፦ የተቃጠሉትንና የጠፉትን ክፍሎች እዚሁ ስለ መሥራት

ጥያቄው፦ «ከአባቴ የወረስኩት የጀርመን ሬዲዮ አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ አለ። ቲዩቦቹ ኢሲሲ85፣ ኢሲኤች81፣ ኢኤፍ89፣ ኢኤቢሲ80፣ ኢኤል84 እና ኢኤም84 ናቸው። ለመጨረሻ ጊዜ ሲሰካ ትንሽ አጉረመረመና ጭስ ወጣው። አንድ ቴክኒሻን የአውትፑት ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል አለኝ። ሁለት ማዞሪያዎች ጠፍተዋል፣ የጣቢያ መርፌው ክር ተበጥሷል፣ የኋላ ክዳኑም የለም። መለዋወጫ የሚሸጥ አላገኘሁም። ክፍሎቹን ማሠራት ይቻላል? ከየትኛው ልጀምር?»

ይቻላል። ከቲዩቦቹና ከጣቢያ መምረጫው ኮይሎች በቀር በዚህ ሬዲዮ ውስጥ እዚሁ አገር ሊሠራ ወይም በአዲስ ሊተካ የማይችል ክፍል የለም ማለት ይቻላል። ቲዩቦቹም ቢሆኑ ሰው እንደሚያስበው ቶሎ አይሞቱም፤ ኢኤል84ን ደግሞ ስሎቫኪያና ሩሲያ ውስጥ ዛሬም ያመርቱታል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። የአውትፑት ትራንስፎርመሩ (ድምፁን ከመጨረሻው ቲዩብ ወደ ስፒከሩ የሚያሻግረው) ራሱን አላቃጠለም። ያቃጠለው ሌላ ትንሽ ክፍል አለ፤ እሱ ሳይተካ አዲስ ትራንስፎርመር ቢገጠም የድሮው ዕጣ ይደርሰዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ «እስቲ ልሞክረው» ብለው እንዳይሰኩት።

እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። ስፒናው ተነቅሎም ቢሆን ትልቁ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር በተሸፈኑ ሽቦዎች አስረው ከእያንዳንዱ የፕላስ እግር ወደ ሻንሲው (ክፍሎቹ ወደተገጠሙበት የብረት መቀመጫ) ለአምስት ሰከንድ ያገናኙ፤ ከዚያ በቴስተር ዜሮ መሆኑን ያረጋግጡ። በካቻቢቴ ጫፍ ማጋጨት የተለመደ ቢሆንም የካፓሲተሩን የውስጥ ግንኙነት ስለሚጎዳ አይመከርም።

የእርስዎ ሬዲዮ ቲዩቦች ስማቸው በ«ኢ» ስለሚጀምር 6.3 ቮልት የሚሰጥ የኃይል ትራንስፎርመር አለው ማለት ነው። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ሬዲዮው ዩሲኤች81፣ ዩኤል84፣ ዩዋይ85 የሚሉ ቲዩቦች ካሉት ነገሩ ፈጽሞ ይለያል። በእነዚያ ሬዲዮዎች ሻንሲው በቀጥታ ከመብራት ሽቦው ጋር የተያያዘ ነው፤ ስፒናው በተገላቢጦሽ ከተሰካ ብረቱ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ያለ ማለያያ ትራንስፎርመር ሊነኩ አይገባም። በእርስዎም ቢሆን ከስፒናው ሁለት እግሮች ወደ ሻንሲው በቴስተር ይለኩ፤ ማብሪያው በርቶ እያለ ምንም ግንኙነት መታየት የለበትም።

አሁን ወደ ጥፋተኛው እንምጣ። ከኢኤቢሲ80 የሚወጣው ድምፅ ወደ ኢኤል84 የሚሄደው በአንድ የወረቀት ካፓሲተር በኩል ነው፤ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 22 ናኖፋራድ ነው። በአንድ በኩሉ 100 ቮልት ገደማ አለ፣ በሌላው በኩል ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰው ቲዩብ የኢኤል84 ግሪድ (በቲዩቡ የሚያልፈውን ጅረት የሚቆጣጠረው ክፍል) ማለትም 2ኛው እግር። የካፓሲተሩ ሥራ ድምፁን አሳልፎ ቮልቱን ማገድ ነው። ወረቀቱ ግን በስልሳ ዓመት ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ያኔ ማገዱን ይተውና ማፍሰስ ይጀምራል። ፍሳሹ ምን ያህል ትንሽ ቢሆን እንደሚበቃ በቁጥር ይዩት። የካፓሲተሩ መከላከያ ወደ 20 ሜጋ ኦም ቢወርድና የግሪዱ ሬዚስተር 680 ኪሎ ኦም ቢሆን ግሪዱ ላይ 3.3 ቮልት ያህል ፕላስ ይደርሳል። ኢኤል84 በ250 ቮልት ሲሠራ ግሪዱ ከካቶዱ (ኤሌክትሮን ከሚለቀው ክፍል) 7.3 ቮልት ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ያ ልዩነት ሲጠብ በቲዩቡ የሚያልፈው ጅረት ከመደበኛው 48 ሚሊ አምፔር ብዙ ይበልጣል፤ ቲዩቡ ይግላል፣ ሲግል ፍሳሹ ይብሳል፤ በመጨረሻ ከፀጉር የቀጠነው የትራንስፎርመሩ ሽቦ ይበጠሳል። ያጉረመረመውና የጨሰው በዚህ መንገድ ለመሆኑ ብዙ አልጠራጠርም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚተካው ይህ ካፓሲተር ነው፤ ቀጥሎ የቀሩት የወረቀት ካፓሲተሮች በሙሉ። በእንዲህ ያለ ሬዲዮ ከ15 እስከ 20 ያህል ያገኛሉ። በሰም የተነከሩ ቡናማ ጥቅሎች ወይም ጫፋቸው በጥቁር ሬንጅ የተደፈነ ናቸው። «ይሄኛው ደህና ይመስላል» ብሎ መተው አይበጅም። አዲሶቹ የፊልም ካፓሲተሮች ይሁኑ፣ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር፣ 630 ቮልት። በድሮዎቹ ላይ 5000 ፒኮፋራድ ተብሎ ከተጻፈ 4.7 ናኖፋራድ፣ 0.05 ማይክሮፋራድ ከሆነ 47 ናኖፋራድ ይግጠሙ፤ ልዩነቱ ሬዲዮውን አይሰማውም። ሁለት ቦታዎች ግን ይለያሉ። ከኢኤል84 አኖድ፣ ከ7ኛው እግር፣ ጋር የተያያዘው ትንሽ ካፓሲተር ድምፅ ሲጮህ ከፍተኛ የቮልት ምት ስለሚያርፍበት 1600 ቮልት የሚችል ይሁን። ከመብራት መስመሩ ወደ ሻንሲው የተዘረጋ ካለ ደግሞ «ዋይ2» የሚል ምልክት ያለበት የደኅንነት ዓይነት ብቻ ይግጠሙ፤ ካጡት ከነጭራሹ ያውጡት፣ ሬዲዮው ያለ እሱ ይሠራል። የሴራሚክና የማይካ ካፓሲተሮችን፣ በተለይ በትንንሾቹ የአሉሚኒየም ሳጥኖች ውስጥ ያሉትን፣ አይንኩ። ጣቢያዎቹ በሰሌዳው ላይ ቦታቸውን የያዙት በእነሱ ነው።

አንዱን አውጥተው አዲሱን ሳይገጥሙ ሁለተኛውን እንዳያወጡ። ከመጀመርዎ በፊት ሆዱን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ያንሱት። እነዚህ ሬዲዮዎች እንደገና ሲገጣጠሙ ከሚበላሹባቸው ምክንያቶች አብዛኛው በአንድ ቀን ሁሉንም ነቅሎ ማግስቱን ቦታቸውን ማጣት ነው።

ሆዱም እንደ ድሮው እንዲታይ ከፈለጉ የድሮውን ቀፎ መልሰው መጠቀም ይችላሉ። ካፓሲተሩን በሞቀ አየር ቀስ ብለው ያሙቁት፤ ሰሙ ሲለቅ አንዱን የሽቦ ጫፍ ይዘው ሲጎትቱ የፎይልና የወረቀት ጥቅሉ ይወጣል፣ የካርቶን ቱቦው ይቀራል። አዲሱ ፊልም ካፓሲተር ከድሮው በጣም ስለሚያንስ በቀላሉ ይገባል፤ በሁለቱም ጫፍ ሽቦውን መሐል ላይ አድርገው በቀለጠ ሰም ይሙሉት። ለዚህ ሥራ ከንጹሕ የንብ ሰም የተሻለ የለም። ለጧፍ የሚሸጠው ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ አዲሱን ካፓሲተር አይጎዳም። በእሳት ላይ በቀጥታ ሳይሆን በሞቀ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ያቅልጡት። የድሮውን ሰም ግን እንደገና አይጠቀሙ። በዚያ ዘመን በአንዳንድ ካፓሲተሮች ውስጥ ክሎሪን ያለባቸው መርዛማ ሰሞችና ዘይቶች ይገቡ ነበር፤ ጓንት አድርገው በረንዳ ላይ ይሥሩ፣ ወደ ማድ ቤት ዕቃም አያስጠጉት።

ትልቁ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ሁለት ካፓሲተር በአንድ የያዘ ነው፤ ብዙ ጊዜ 50 እና 50 ማይክሮፋራድ በ350 ቮልት ይላል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ደርቋል፤ ሬዲዮው የሚያጉረመርመው በዚህም ነው። እሱንም ባዶ አድርጎ መሙላት ይቻላል። ከሻንሲው አውጥተው ከታች ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ በቧንቧ መቁረጫ ዙሪያውን ይቁረጡት፤ የብረት መጋዝ ጠርዙን ስለሚያንሻፍፈው ጥሩ አይመጣም። ውስጡን አውጥተው ቆርቆሮውን ያጽዱና 47 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት፣ 105 ዲግሪ የሚሉ ሁለት አዳዲስ ካፓሲተሮችን ያስገቡ። የፕላስ ሽቦዎቹ ከሥር ባለው ሰሌዳ በቀጭን ፑንታ በተሠሩ ቀዳዳዎች ወጥተው ከድሮዎቹ እግሮች ጋር ይበየዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማይነሱ ላይ ነው። አሉሚኒየም በተራ ሶልደር አይያዝም፤ ይዞ ቢመስልም ከጊዜ በኋላ ይለቃል። ማይነሱን በራሱ ሽቦ ወደ ውጭ አውጥተው ሻንሲው ላይ ድሮ የነበረበት ነጥብ ላይ ይበይዱት። ከዚያ የላይኛውን ቆርቆሮ መልሰው በኢፖክሲ ያጣብቁት። መስመሩ ከማሰሪያው ቀለበት በታች ከዋለ ማንም አያየውም። «ትልቅ ቢሆን ይሻላል» ብለው 220 ማይክሮፋራድ እንዳያስገቡ፤ ሲበራ የሚስበው ምት ሬክቲፋየሩን (ተለዋዋጩን ጅረት ቀጥተኛ የሚያደርገውን ክፍል) እና የኃይል ትራንስፎርመሩን ያስጨንቃል።

ከዘረዘሯቸው ቲዩቦች መካከል ኢዜድ80 የሚባለው ሬክቲፋየር ቲዩብ የለም። ስለዚህ ሬክቲፋየሩ ሴሌኒየም ነው፤ በሻንሲው ላይ በብሎን የተጣበቀ ጠፍጣፋ የብረት ሣጥን፣ ብዙ ጊዜ «ቢ250ሲ75» የሚል ጽሑፍ ያለበት፤ 250 ቮልትና 75 ሚሊ አምፔር ማለት ነው። ሴሌኒየም ሲያረጅ ውስጣዊ መከላከያው እየጨመረ ቮልቱ ይወርዳል፤ ከተቃጠለ ደግሞ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል መርዛማ ሽታ ያወጣል። ሣጥኑን አይክፈቱት፤ ሽቦዎቹን ፈትተው ለመልክ በቦታው ይተዉት። አጠገቡ አራት 1ኤን4007 ዳዮዶችን በድልድይ መልክ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ይሥሩ። አራቱም ዋጋቸው የአንድ ቡና ያህል ነው። ነገር ግን ሲሊከን ከሴሌኒየም በጣም ያነሰ ቮልት ስለሚያስቀር ዋናው ቮልት 15 ወይም 20 ቮልት ያህል ከፍ ይላል፤ የዛሬው የመብራት መስመርም አንዳንዴ ከ220 በላይ ይወጣል። ለዚህ ከድልድዩ ፕላስ ጋር በተከታታይ 150 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ያስገቡ፤ በኋላ ሬዲዮው ሲሠራ ቮልቱን ሰርኪዩት ዲያግራሙ ላይ ካለው ጋር አነጻጽረው ከ100 እስከ 220 ኦም ባለው ውስጥ ያስተካክሉ። ሬዚስተሩ ስለሚሞቅ ከሽቦዎች ራቅ አድርገው ይስቀሉት። የቮልት መምረጫው 240 የሚል ቦታ ካለው እሱን ይምረጡ።

አሁን ትራንስፎርመሩ። በመጀመሪያ መሞቱን ያረጋግጡ፤ በኢኤል84 7ኛ እግር በኩል ያለው ጥቅል ጤነኛ ከሆነ ከ200 እስከ 600 ኦም ያህል ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። አንዳንዴ የሚበጠሰው ቀጭኑ ሽቦ ከወፍራሙ መውጫ ጋር የተበየደበት ነጥብ ላይ ነው፤ የላይኛውን ወረቀት አንስተው ማየት አይጎዳም፣ ዕድል ካለ ሥራው በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

ካልሆነ የሞተር ጥቅል የሚሠራ ባለሙያ ጋር ይውሰዱት። ሙያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሽቦው ቀጭን መሆኑና አንድ የብረት አቀማመጥ ጉዳይ ብቻ ነው። ኢኤል84 ማየት የሚፈልገው ጭነት 5200 ኦም ያህል ነው። ስፒከሩ 5 ኦም ከሆነ ሁለቱ ሲካፈሉ 1040፣ የዚያ ስኩዌር ሩት 32 ይመጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቅል ከሁለተኛው 32 እጥፍ ዙር ይኖረዋል። መሐል እግሩ 22 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት፣ ቁልሉም ያንኑ ያህል ከሆነ 3200 ዙር በ0.14 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ሁለተኛው 100 ዙር በ0.6 ሚሊ ሜትር ጥሩ ይሠራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የድሮውን ዙር እየፈቱ መቁጠር ነው፤ በተለይ የሁለተኛውን፤ ወፍራም ስለሆነ ሳይበጠስ ይቆጠራል፣ በ32 ሲያባዙት የመጀመሪያው ይወጣል። አንዳንድ ሬዲዮዎች ለተቃራኒ ምላሽ ወይም ለጉርምርምታ ማጥፊያ ተጨማሪ መውጫ ስላላቸው በስንተኛው ዙር ላይ እንደወጣ ይጻፉ። በየጥቂት መቶ ዙሩ ቀጭን መከላከያ ወረቀት ይደረግ፤ በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ደግሞ ሦስት ወይም አራት ድርብ።

የብረቱ ጉዳይ ይህ ነው። የኃይል ትራንስፎርመርና የሞተር ሰዎች የ«ኢ»ና የ«አይ» ቅርፅ ያላቸውን ብረቶች አንዱን በዚህ አንዱን በዚያ እያፈራረቁ ይደረድራሉ፤ ልማዳቸው ነው። ይህ ትራንስፎርመር ግን እንዲያ ከተሠራ ይበላሻል። በውስጡ 48 ሚሊ አምፔር ቀጥተኛ ጅረት ሁልጊዜ ስለሚያልፍ ብረቱ በማግኔት ይሞላና ባስ ድምፁ ይጠፋል፣ ቀሪውም ይቀደዳል። ስለዚህ «ኢ»ዎቹ ሁሉ በአንድ በኩል፣ «አይ»ዎቹ ሁሉ በሌላው በኩል ሆነው በመካከላቸው 0.1 ሚሊ ሜትር ወረቀት ይግባ፤ አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት በቂ ነው። ይህንን ለባለሙያው በቃል ሳይሆን በወረቀት ጽፈው ይስጡት። መጨረሻ ላይ በቫርኒሽ ተነክሮ ይድረቅ፤ አለዚያ ብረቱ ራሱ ከሙዚቃው ጋር ይዘምራል።

ማዞሪያዎቹ የሚያስደስቱት ሥራ ናቸው፤ ሬዲዮውን በየቀኑ እጅዎ የሚነካው እዚያ ስለሆነ በጥንቃቄ ቢሠሩ ደስ ይላል። ሁለት ጠፍተው ሁለት ከቀሩ ከቀሩት የተሻለውን እንደ ሞዴል ይጠቀሙ። ስንጥቅ ወይም ጭረት ካለው በስቱኮ ሞልተው በ400፣ በ800 እና በ1200 ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ ሲሊኮን የጣት አሻራን ሳይቀር ስለሚቀዳ ሞዴሉ ላይ ያለ ጉድለት በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ይመጣል። የኋላውን ባዶ በሸክላ ደፍነው ከጠርዙ እኩል ያድርጉት። ሸክላው ድኝ የሌለበት ይሁን፤ ድኝ ፕላቲነም ዓይነቱን ሲሊኮን እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ከዚያ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው በለስላሳ ሰሌዳ ላይ ያጣብቁትና ዙሪያውን በሁሉም በኩል 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚተው ቱቦ፣ ለምሳሌ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ያቁሙ።

ሁለት ክፍል ያለው የቅርጽ ሲሊኮን ያስፈልጋል። የመስኮት ሲሊኮን አይሆንም፤ ከአየር እርጥበት ስለሚደርቅ ውፍረት ሲኖረው ውስጡ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቀራል። 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ማዞሪያ ከ85 እስከ 100 ግራም ይበቃል። የማድረቂያው መጠን በጣሳው ላይ የተጻፈው ነው፤ በዓይን ሳይሆን የግራም አንድ አሥረኛ በሚያነብ ሚዛን ይመዝኑ። መጀመሪያ በብሩሽ ስስ አድርገው ፊቱን ይቀቡ፤ ይህ በጥርሶቹ መካከል አየር እንዳይቀር ያደርጋል። ቀሪውን ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እንደ ክር ቀጭን አድርገው ጥግ ላይ ብቻ ያፍስሱ። ለ24 ሰዓት ይቆይ፤ በአዲስ አበባ ክረምት ብርድ ለሁለት ቀን ይተዉት።

ሞዴሉ ሲወጣ በሲሊኮኑ ውስጥ ለሚቀረው ባዶ መሙያ ኢፖክሲ ይምረጡ። ለመኪና ቀፎ የሚሸጠው የፋይበር ግላስ ሬዚን ርካሽ ነው፤ ግን ሲደርቅ በይዘቱ ከ5 እስከ 8 በመቶ ስለሚቀንስ አዲሱ ማዞሪያ ከድሮው አጠገብ ሲቀመጥ ማነሱ ይታወቃል፣ ሲሊኮኑንም ቶሎ ይበላዋል። ለአንድ ማዞሪያ 20 ግራም ያህል ኢፖክሲ ይበቃል። ጠርሙሶቹን አስቀድመው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ያሙቁ፤ ቀጭን ሆኖ አረፋውን በቀላሉ ይለቃል። ለሦስት ደቂቃ የዕቃውን ጎንና ሥር እየፋቁ ያማስሉ። ሲደርቅ የሚያጣብቅ ቦታ ከቀረ ምክንያቱ ያልተማሰለ ጥግ ወይም የተሳሳተ ሚዛን ነው፤ እሱን ማዳን አይቻልም፣ እንደገና ነው የሚሠራው። ለዝሆን ጥርስ ቀለም ነጭ ዱቄት ቀለም ከጥቂት ቢጫ አፈር ጋር፣ ለጥቁር ደግሞ ጥላሸት፤ ጠቅላላ ቀለሙ ከ5 በመቶ አይብለጥ። ቀለሙን የሚያመሳስሉት ከማዞሪያው ፊት ጋር ሳይሆን ከኋላው ጋር ቢሆን ያታልላል፤ ፊቱ በፀሐይ ቢጫ ሆኗል፣ አዲሱም ከእሱ ጎን ነው የሚቀመጠው።

ቀዳዳውን በእጅ መሰርሰሪያ አይሞክሩ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከመሐል ከወጣ ማዞሪያው ሲዞር ይንገዳገዳል። ቶርኖ ቤት ወስደው ዙሪያውን ይዘው በ8 ሚሊ ሜትር እንዲሰረስሩት ያድርጉ፤ በዚያ ውስጥ ውጭው 8፣ ውስጡ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የነሐስ ቱቦ በኢፖክሲ ይጣበቅ፣ በጎኑም ለኤም3 ብሎን ጥርስ ይውጣለት። የጀርመን ሬዲዮዎች ዘንግ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ነሐሱን ምናለሽ ተራ በቁራጭ ያገኙታል። የወርቅማ ቀለበት ካለው ቶርኖው ከዚያው ነሐስ ያወጣዋል።

ማዞሪያውን በ3ዲ ፕሪንተር ማተም የሚመክሩ አሉ። ለሞዴል ጥሩ ነው፤ በተለይ አራቱም ጠፍተው ፎቶ ብቻ ከቀረ። ታትሞ፣ በስቱኮ ለስልሶ፣ ከዚያ በሲሊኮን ይቀዳል። በቀጥታ የሚገጥሙት ከሆነ ፒኤልኤ የሚባለው የፕሪንተር ፕላስቲክ አይሁን፤ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ይለሰልሳል፣ የቲዩብ ሬዲዮ ሙቀትና የመስኮት ፀሐይ ተደምረው ያጣምሙታል። ፒኢቲጂ ይሻላል።

ሻንሲውና የጣቢያ መምረጫው ተለዋዋጭ ካፓሲተር የተቀመጡባቸው ላስቲኮች እስካሁን እንደ ድንጋይ ደርቀው ወይም ቀልጠው ይሆናል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ድምፅ ከፍ ሲል ከስፒከሩ የሚወጣው ንዝረት ወደዚያ ካፓሲተር ተመልሶ ሬዲዮውን ያስጮኸዋል። ከብስክሌት ካላማዳሪ 15 ሚሊ ሜትር ክቦች ቆርጠው እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢደራርቧቸው እንደ አዲስ ይሠራሉ። ብሎኑን እስከ መጨረሻው አያጥብቁት፤ ላስቲኩ ከተጨፈለቀ ከብረት አይለይም።

ለመርፌው ክር ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ የተጎነጎነ ናይለን ወይም ፖሊስተር ሲባጎ 2 ሜትር ይግዙ። ነጠላው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ዘንጉ ላይ ይንሸራተታል፣ ይለጠጣልም። ክሩን ከመግጠምዎ በፊት አንድ ኪሎ ክብደት አንጠልጥለው ያሳድሩት። የተበጠሰው ክር ቁራጭ አሁንም በመዘውሮቹ ላይ ካለ መንገዱን ሥለው ያስቀምጡ። የካፓሲተሩ ተንቀሳቃሽ ሳህኖች ሙሉ በሙሉ ሲገቡ ያ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ነው፤ ከበሮው በዚያ ቦታ ላይ እያለ ይጀምሩ፣ በማዞሪያው ዘንግ ላይ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ዙር ያድርጉ፣ በከበሮው ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ግማሽ ያህል ተወጥሮ ይሰር። ቢንሸራተት ለቫዮሊን ቀስት የሚቀባውን ሙጫ በትንሹ ይንኩት። ዘይት ወይም ቅባት በአካባቢው እንዳይደርስ።

የጣቢያዎቹን ስም የያዘውን መስታወት፣ እባክዎ፣ በውኃም በአልኮልም አያጥቡት። ጽሑፉ ከኋላው በቀለም የታተመ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ እርጥብ ጨርቅ ብቻ እንኳ ለማጥፋት ይበቃዋል፣ ሙሉ የከተሞች ስም ተጠራርጎ ይወጣል። ፊቱን ብቻ ይወልውሉ፣ ኋላውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ያንሱ፤ ከዚያም በ600 ነጥብ ስካን አድርገው ያስቀምጡ። መስታወቱ አንድ ቀን ቢሰበር ያ ምስል በተገላቢጦሽ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ታትሞ ከአዲስ መስታወት ጀርባ ይለጠፋል። ሲታተም ስፋቱን በማስመሪያ ይለኩ፤ በ300 ሚሊ ሜትር ላይ 1 በመቶ ስሕተት መርፌውን 3 ሚሊ ሜትር ያሳስተዋል።

የስፒከሩ ወረቀት ከተቀደደ ስስ ወረቀት በውኃ በቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ ለጥፈው ይድፈኑት፤ ወፍራም ማጣበቂያ ያከብደዋል። የፊት ጨርቁን መቀየር ካለብዎ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በቡናማና በወርቃማ ክር በልኩ ሊሠራልዎ ይችላል፤ ግን ሳሳ ብሎ ይሸመን። በአፍ ተጠግተው ሲተነፍሱበት አየሩ በነፃ ካላለፈ ድምፁም አያልፍም።

የኋላ ክዳኑ ለውበት ብቻ የተሠራ አይደለም። የልጅ እጅ 300 ቮልት እንዳይነካ የሚያደርገው እሱ ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ይቁረጡት፤ ከታችም ከላይም የአየር ቀዳዳዎች ይኑሩት፣ ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ከላይ ስለሚወጣ አንዱ ብቻ ካለ ሙቀቱ ይታመቃል። ቀዳዳዎቹ 6 ሚሊ ሜትር ይሁኑ፣ ጣት የማያስገቡ። በኢኤል84ና በሬዚስተሩ ትይዩ ብዛት ያላቸው ይሁኑ።

ሁሉም ሲያልቅ ሬዲዮውን በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰኩት። በመስመሩ ላይ በተከታታይ 60 ዋት የሆነ ክር ያለው የድሮ አምፖል ያስገቡ፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሠራም። ሲያበሩ አምፖሉ ለአፍታ ደምቆ ከደበዘዘ ጥሩ ነው። ደምቆ ከቀረ አንድ ቦታ አጭር ግንኙነት አለ፤ ወዲያው ያጥፉና ካፓሲተሮቹ በትክክለኛው ፕላስና ማይነስ መግባታቸውን ይመልከቱ። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ የኢኤም84 አረንጓዴ ዓይን በደብዛዛው ሊታይ ይችላል። ቀጥሎ አምፖሉን አውጥተው ፊውዙ ሰርኪዩት ዲያግራሙ ላይ በተጻፈው መጠን መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በሙሉ ቮልት ያብሩ። ስፒከሩ መያያዙን ሳያረጋግጡ ግን አያብሩ፤ ጭነት የሌለው ኢኤል84 አዲሱን ትራንስፎርመር በከፍተኛ ቮልት ሊበሳው ይችላል። ከኢኤል84 3ኛ እግር ወደ ሻንሲ ይለኩ፤ ካቶዱ በ150 ኦም ገደማ ሬዚስተር በኩል ከታሰረ 7 ቮልት ያህል ትክክል ነው። ከ9 ቮልት ከበለጠ ያጥፉና ወደዚያ የመጀመሪያ ካፓሲተርና ወደ ግሪዱ ሬዚስተር ይመለሱ። በ2ኛው እግር ላይ ምንም ፕላስ ቮልት መኖር የለበትም። ለአንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ አጥፍተው የኃይል ትራንስፎርመሩን በእጅ ይንኩ፤ ሙቅ መሆኑ ጤና ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን አይደለም።

በመጨረሻ ኤፍኤም ላይ አንዳንድ ጣቢያዎችን ቢያጡ የሠሩት ነገር ተበላሽቶ አይደለም። የዚያ ዘመን የጀርመን ሬዲዮዎች ኤፍኤም ብዙዎቹ 100 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ፋና 98.1ን በሰሌዳው ቀኝ ጫፍ አካባቢ ያገኛሉ፣ ሸገር 102.1ን ግን አያገኙም። የኤፍኤሙን ኮይሎች ዙር በማራራቅ ወደ ላይ መግፋት ይቻላል፤ ግን ከዚያ በኋላ በመስታወቱ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ሁሉ ውሸት ይሆናሉ። ኮይሎቹ ላይ ያለው የፋብሪካ ሰም እንዳለ ቢቆይ እመርጣለሁ።